አፍንጫህን አትናቅ

ልጄ፣ ከኅዳር ወዲህ ጠዋት ጠዋት እንጥሻው አላስቆም ብሎህ፣ ግንባርህ ከብዶህ፣ አፍንጫህ ተደፍኖ ሌሊቱን በአፍህ ስትተነፍስ እንደምታድር ሰማሁ። «ሳይነሴ ተነሳብኝ» ብለህም ሐኪም ሳያይህ ካፕሱል ገዝተህ መዋጥ ጀምረሃል አሉ። እኔ ዕድሜዬን በጤና ጣቢያ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። በመንዝና በአካባቢው፣ ከመሐል ሜዳ እስከ ሞላሌ፣ ከጊሼ እስከ መርሐቤቴ እንደ አንተ አፍንጫውን ይዞ የመጣ ስንቱን አይቻለሁ። የሚነገርህን የምትሰማ ልጅ መሆንህን አውቃለሁ፤ የሚጎዳህ ቸልታህ ነው። ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

1. መጀመሪያ ጉንፋንንና አለርጂን ለይ። ጉንፋን ሰውነት ይቆረጥማል፣ ያተኩሳል፣ ጉሮሮ ያሳምማል፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት በዐሥር ቀን ይለቅሃል። አለርጂ ግን አያተኩስም። አፍንጫህን፣ ዓይንህን፣ ላንቃህን ያሳክክሃል፤ እንጥሻው ተከታትሎ ይመጣል፤ የሚፈስህ ንፍጥ ቀጭንና ንጹሕ ነው፤ ደግሞም ወር ቆጥሮ ወይም ቦታ መርጦ ይመለሳል። «በየዓመቱ ኅዳር ላይ ብርድ ይመታኛል» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ኅዳር ላይ ምን እንደሚሠራ እጠይቀው ነበር። መልሱ ብዙውን ጊዜ አውድማ ነው። የመንዝ ውርጭ አፍንጫ ማፍሰሱ እውነት ነው፤ ቀዝቃዛ አየር የጤነኛውንም አፍንጫ ያፈስሳል። ፀሐይ ወጥቶ፣ ሰውነትህ ሞቆም ካሳከከህና ካስነጠሰህ ግን በብርዱ አታሳብብ።

2. ሳይነስ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አታክመው። በግንባርህ፣ በጉንጮችህ፣ በዓይኖችህ መካከልና ከአፍንጫህ በስተኋላ ባለው አጥንት ውስጥ አየር የሞላባቸው ባዶ ቦታዎች አሉ፤ አራት ጥንድ ናቸው። ግድግዳቸው ቀኑን ሙሉ ቀጭን ንፍጥ ያመነጫል፤ ንፍጡም ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ በምትሰፋ ቀዳዳ ወደ አፍንጫ ይፈሳል። አንዲት ጠባብ በር ብቻ ያለችው ጎተራ አድርገህ አስበው። አለርጂ ያለበት ሰው ሰውነት አቧራውን ወይም የሣሩን የአበባ ብናኝ በጠላትነት ቆጥሮ ሂስታሚን የሚባል ኬሚካል ይለቅበታል፤ የአፍንጫ ውስጥ ሥጋ ያብጣል፣ በሩም ይዘጋል። ያን ጊዜ ንፍጡ እዚያው ይታቆራል። ግንባርህ ይከብዳል፣ ጉንጭህን ይወጋሃል፣ ጎንበስ ስትል ይብስብሃል፣ ሽታ ይጠፋብሃል። ሲቆይ ደግሞ ተሕዋስያን ይራቡበታል። እንግዲህ ሥሩ አፍንጫው ነው። ግንባርህን በሻሽ ጠፍንገህ ብታስር በሩ አይከፈትም። ከአለም ከተማ ወደ ጀማ ሸለቆ፣ ወይም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በመኪና ስትወርድ ግንባርህንና ጆሮህን የሚሰነጥቅህም በዚሁ ምክንያት ነው። ቁልቁል በወረድክ መጠን የውጭው አየር ግፊት ይጨምራል፤ አየር በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ውስጡን ካላመጣጠነ ያማል። ስለዚህ አፍንጫህ በተደፈነበት ቀን ቁልቁለት የሚበዛበትን መንገድ መተው ከቻልክ ተወው።

3. የሚያስነሳብህን ነገር ደብተር ይዘህ ተከታተለው። ቀኑን፣ የነበርክበትን ቦታና ስትሠራ የነበረውን ብቻ ጻፍ፤ ሌላ አልልህም። የእኛ አገር ዓመት ለአፍንጫ የራሱ ወራት አሉት። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት፣ ሜዳው ሁሉ ሣር ነውና ሣሩ ያብባል። ሰው አደይ አበባን ይከስሳል፤ የአደይ ብናኝ ግን ከባድ ነው፣ ከአበባ ወደ አበባ የሚያደርሰው ነፍሳት እንጂ ነፋስ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚያስነጥስህ ማንም ዞር ብሎ የማያየው የሣር አበባ ነው፤ ብናኙ ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ይህን ያረጋገጠው ቻርልስ ብላክሊ የሚባል የማንችስተር ሐኪም ነው። ራሱ በየዓመቱ የሚያስነጥሰው ሰው ስለነበር የሣር ብናኝ ሰብስቦ በገዛ አፍንጫው ሞከረው፤ ያገኘውንም በፈረንጆች 1873 በመጽሐፍ አወጣው። አንተም የራስህ ብላክሊ ሁን። ጓሳ ሜዳ ሄደህ ሣር ስታጭድ የሚብስብህ ከሆነ ጻፈው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውቂያ ላይ ከሆነም ጻፈው፤ ክረምት ከብቱም ሰዉም ቤት ሲከት ከሆነም እንዲሁ። የሚያስነሳብህን ያላወቅክ እንደሆነ መድኃኒቱን ዕድሜ ልክህን ትገዛለህ።

4. አውድማ ላይ አፍህንና አፍንጫህን ሳትሸፍን አትቁም። የገብስ እብቅ ሻካራ ነው፤ ከእብቁ ጋር ደግሞ በእርጥበት የተነሳ ሻጋታ ይነሳል። ነዶው ዝናብ መትቶት ተከምሮ ከቆየ፣ ሲወቃ የምታየው ጥቁርና ግራጫ ብናኝ ሻጋታ ነው፤ እርሱ ከአፍንጫ አልፎ ሳንባ ይገባል። ስለዚህ ክምሩ ሥር ድንጋይና እንጨት አድርገህ ከመሬት አንሳው፤ አክዳደኑንም ውሃ እንዳያስገባ አጥብቀው። እህል ሲበራይ ነፋሱ ከኋላህ እንዲነፍስ ሁነህ ቁም እንጂ ገለባው ወደሚሄድበት አትቁም። ከከተማ የሚመጣው የፊት ጭምብል ካገኘህ መልካም፤ ካጣህ ነጠላህን አጥፈህ አፍንጫህን እሰረው፤ ምንም ካለመሸፈን ይሻላል። ማታ ወደ ቤት ስትገባ ያን ልብስ ለብሰህ አልጋህ ላይ አትጋደም። ልብሱን ደጅ አራግፈው፣ ፊትህንና ፀጉርህን ታጠብ። ብዙ ልጆች ቀን አውድማ ላይ ካስነጠሱት ይልቅ ሌሊት አልጋቸው ላይ ያስነጥሳሉ፤ ምክንያቱ አቧራውን ይዘውት ስለሚተኙ ነው። እህትህ እህል ስታበጥርና ስታንገዋልልም ደጅ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ይሁን። ማጀት ውስጥ በሩ ተዘግቶ አይሁን።

5. የበግ ጠጉር ባናህንና አጎዛህን ፀሐይ አስመታቸው። መንዝ ባናውን እንዲጥል አልልህም፤ በዚያ ውርጭ ያለ ባና ማን ያድራል! ጠጉሩ ራሱ አይደለም አብዛኛውን ጊዜ ጠላትህ። በመኝታ ልብስ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች አሉ፤ የሚበሉት ከሰው ቆዳ የሚረግፈውን ቅርፊት ነው። አለርጂ የሚያስነሳው ኩሳቸው ነው። እርጥበትና የሰው ሙቀት ይወዳሉ፣ ደረቅ አየር ግን ያጠፋቸዋል። ስለዚህ በበጋ ሰማዩ በጠራ ቀን ሁሉ ባናውን፣ ትራሱን፣ አጎዛውን አውጥተህ ፀሐይ ላይ ስጣው፤ ከቤቱ ራቅ አድርገህም በዱላ ምታው፤ የምትመታውም አንተ አትሁን፣ ሌላ ሰው ይሁን። የሚታጠበውን አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ እጠብ። ጠጉር ሲሸለትና ሲነደፍ የሚያስነጥስህ ከሆነ ግን ያን ሥራ ለሌላው ተውለት፤ በግ ማገድ ትችላለህ፣ ጠጉር መንደፍ ግን ያንተ ሥራ አይደለም።

6. የኩበት ጭስ ውስጥ አትቀመጥ። አገራችን ዛፍ ስላነሰው ኩበት እናነዳለን፤ ኩበት ደግሞ ብዙ ያጨሳል። ጭስ አለርጂ አይደለም፤ ያበጠውን አፍንጫ ግን ይልጠዋል፣ በአፍንጫ ውስጥ ያለውን ንፍጥ የሚጠርጉትን ጥቃቅን ፀጉሮችም ያደክማል። እናትህ ለምን ዓይኗ እንደሚያነባ ጠይቀሃት ታውቃለህ? ጭስ መውጫ ያለው ምድጃ ሥራላት፤ ካልተቻለህ ከጣራው ሥር ቀዳዳ ክፈት። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ሕፃን በጀርባ ታዝሎ እሳት ዳር እንዳይቆም ንገራቸው። ዕጣኑም እንዲሁ ነው፤ ቡና ሲፈላ ቤቱ እስኪጨልም አይጨስ፣ በሩ ይከፈት።

7. አዲስ አበባ ብሄድ ይለቀኛል ብለህ አትጓዝ። ይህን ሐሳብ ከብዙ ልጆች ሰምቻለሁ። ከመንዝ የሄደ ልጅ የሣሩንና የእብቁን ብናኝ ይተዋል፤ በምትኩ የመኪና ጭስ፣ የግንባታ አቧራና ፀሐይ የማያይ የኪራይ ክፍል ይጠብቁታል። በፈረንጆች 1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት የጅማን ከተማና የአካባቢዋን ገጠር አነጻጽሮ፣ አስም በከተማው ሰው ላይ እንደሚበዛ አሳይቷል። ሥራ ፍለጋ ከሆነ ሂድ፣ እግዚአብሔር ይከተልህ። ለአፍንጫህ ብለህ ግን አትሰደድ።

8. አፍንጫህን በጨው ውሃ እጠብ። ከሁሉ የሚረክሰው፣ ከሁሉም የሚናቀው መድኃኒት ይህ ነው። ውሃውን አፍላ፤ እዚህ ላይ በደንብ ስማኝ። የመንዝ ከፍታ 3000 ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ስለሆነ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ90 ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ፈላ ብለህ ወዲያው አታውርደው፤ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ከዚያ ተከድኖ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ። ለግማሽ ሊትር፣ ማለት ለአንድ ትንሽ ሃይላንድ፣ ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጎደል ያለ ጨው ጨምርበት። መርፌው በሌለበት ሲሪንጅ ቅዳ፤ ሳህን ላይ አጎንብስ፤ ራስህን ወደ ጎን ዘንበል አድርግ፤ በአፍህ እየተነፈስክ ከላይ ባለው ቀዳዳ ቀስ አድርገህ ግፋው፤ በሌላው ይወጣል። ከዚያ አንዱን ቀዳዳ ይዘህ ሌላውን በቀስታ ተናፈጥ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ይዘህ በኃይል ብትናፈጥ ንፍጡን ወደ ጆሮህ ትገፋዋለህ። ጠዋትና ማታ፣ በተለይም ከአውድማ ስትመለስ አድርገው። ከምንጭ የተቀዳ ጥሬ ውሃ ወደ አፍንጫህ አታስገባ። የተረፈውንም ነገ አትጠቀምበት፤ ድፋው።

9. በአፍንጫ የሚነፋውን መድኃኒት ታግሠህ ተጠቀምበት። ቤክሎሜታሶን፣ ፍሉቲካሶን፣ ሞሜታሶን የሚባሉት ናቸው፤ በሐኪም ትእዛዝ ታገኛቸዋለህ። ለከበደ የአፍንጫ አለርጂ ከክኒን ይልቅ የሚረዱት እነዚህ ናቸው፣ ምክንያቱም የአፍንጫውን እብጠት ያወርዳሉ፤ እብጠቱ ሲወርድ የሳይነሱ በር ይከፈታል። ሰው ግን አንድ ቀን ነፍቶ «አልሠራልኝም» ብሎ ይጥለዋል። የዛሬ መድኃኒት አይደለም፤ ለመሥራት ቀናት ይፈልጋል፣ ሙሉ ጥቅሙ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማህም? አነፋፉም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ በጨው ውሃ ታጠብ፤ ጠርሙሱን ነቅንቅ፤ አንገትህን ጎንበስ አድርግ፤ በቀኝ እጅህ ለግራው፣ በግራ እጅህ ለቀኙ አፍንጫህ ንፋ፤ ጫፉን ወደ ጆሮህ በኩል አቅና። ወደ መካከለኛው ግድግዳ ከነፋኸው ያደማሃል። ስትነፋም በኃይል አትሳበው፤ ጉሮሮህ ከገባ አፍንጫህ አላገኘውም። ወርህ የሚታወቅ ከሆነ፣ ከሣሩ ማበብ ወይም ከውቂያው ሁለት ሳምንት ቀድመህ ጀምር፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

10. ለማሳከኩና ለእንጥሻው የሚሆን ክኒን አለ፣ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን፤ በቀን አንዴ ይበቃል። ክሎርፌኒራሚን ርካሽ ነው፤ እንቅልፍ ግን ያመጣል፤ እርሱን ውጠህ ባጃጅ አትንዳ፣ ገደል አፋፍ ላይም ከብት አትጠብቅ።

11. አፍንጫ ወዲያው የሚከፍተውን ጠብታ ከአምስት ቀን በላይ አትጠቀም። ዛይሎሜታዞሊን የሚባለው ነው። ሲንጠባጠብ እፎይ ያሰኛል፤ ሲለቅህ ግን እብጠቱ ብሶ ይመለሳል፤ አንተም ደግመህ ታንጠባጥባለህ። ይህን ጠብታ ኪሱ ይዞ የሚዞር፣ ሌሊት ካላንጠባጠበ መተኛት ያቃተው ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ በሽታው አለርጂ መሆኑ ቀርቶ ጠብታው ሆኖበት። እንዲሁም «ዴክሳ ውጉኝ» እያልክ ክሊኒክ ለክሊኒክ አትዙር። ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን ኃይለኛ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሲደጋገሙ ስኳር ያነሳሉ፣ ግፊት ይጨምራሉ፣ አጥንት ያሳሳሉ። ለእንጥሻ ብለህ አጥንትህን አትስጥ።

12. አሞክሲሲሊን ለአለርጂ አይሠራም፤ አትዋጠው። ይህን ጮክ ብዬ የምነግርህ ነው። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን ይገድላል፤ አለርጂ ደግሞ ባክቴሪያ አይደለም፣ ጉንፋንም ቫይረስ ነው። ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆነ ማለት ብቻውን ባክቴሪያ ገባ ማለት አይደለም። የሳይነስ ሕመም ከዐሥር ቀን በላይ ምንም ሳይሻልህ ከቆየ፣ ወይም ተሽሎህ እንደገና ከባሰብህ፣ ወይም ከጅምሩ ከፍተኛ ትኩሳትና መግል ከፊት ሕመም ጋር ከመጣ ያን ጊዜ ሐኪም ይይህ። ሐኪሙ ካዘዘልህ ደግሞ ተሻለኝ ብለህ መካከል ላይ አታቋርጥ፤ የተረፈውንም ለወንድምህ አታካፍል። ዛሬ ያለ ምክንያት የዋጥከው ካፕሱል፣ ነገ ሳንባህ በታመመ ጊዜ ላይሠራልህ ይችላል። ስንት ሕፃን በዚህ ምክንያት መድኃኒት እንደጠፋለት ብታውቅ፣ ያን ፓኮ እንደያዝክ ትመልሰው ነበር።

13. የአገራችንን መድኃኒት አልነቅፍብህም፤ ለይተህ ተጠቀም። የዳማከሴና የነጭ ሽንኩርት ሻይ ለጉሮሮ ደስ ይላል፣ ጠጣው። የዳማከሴ ጭማቂ ወይም ፌጦ አፍንጫህ ውስጥ አትጨምር፤ ያበጠውን ሥጋ ያቃጥላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ መታጠን ለጊዜው ያቀልልሃል፤ ልጅ ግን በፍጹም አይታጠን፤ ድስቱ ተገልብጦ የተቃጠለ ሕፃን ደጋግሞ መጥቶልናል። ለአራስ ልጅም በአፍንጫው ቅቤ አታንጠባጥቡ፤ ሳንባ ከገባ የማይለቅ ሕመም ያመጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንጥል አታስቆርጡ! በአለርጂ የተደፈነ አፍንጫ ንፍጡን ወደ ኋላ፣ ወደ ጉሮሮ ያወርደዋል፤ ልጁ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ማታ ማታ ይስላል። ቤተሰቡም «እንጥሉ ወርዷል» ብሎ ለቆራጭ ይወስደዋል። እንጥሉ ምንም አላደረገም። ደም ፈስሶ የሞተ፣ ባልታጠበ ምላጭ የተመረዘ ልጅ አለ፤ ሳሉ ግን ምክንያቱ አፍንጫው ስለሆነ እንጥሉ ከተቆረጠ በኋላም ይቀጥላል። ጠበልህን ጠጣ፣ ተጠመቅ፣ እኔም እጠመቃለሁ፤ መድኃኒትህን ግን ለዚያ ብለህ አትጣል። የሚያስጨንቅህ ካለ የነፍስ አባትህን ጠይቅ።

14. ደረትህ «ሲር ሲር» ካለ አትደብቅ። አፍንጫና ሳንባ አንድ መንገድ ናቸው፤ የአፍንጫ አለርጂ ካለባቸው ሰዎች ጥቂት የማይባሉት አስምም አለባቸው። ዳገት ስትወጣ ከጓደኞችህ ይልቅ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ሌሊት ሳል ከቀሰቀሰህ፣ ለሐኪሙ ንገረው። በገጠራችን አስም ማለት ነውር ይመስላል፤ «ከጋብቻ ይከለክላል» ብለው የሚደብቁ አሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። የአፍንጫውን አለርጂ በደንብ ስታክመው አስሙም ብዙ ጊዜ ይቀልልሃል።

15. በአንድ ወገን ብቻ የሆነን ነገር በአለርጂ አታሳብብ። አለርጂ ሁለቱንም አፍንጫ ይይዛል። በልጅ በአንዱ አፍንጫ ብቻ የሚሸት ንፍጥ ከወጣ ባቄላ ወይም አተር ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ በወረቀትና በእንጨት አትጎርጉሩት፣ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ከምንጭ ጎንበስ ብሎ የጠጣ ሰው በአንድ ወገን ከደማ ደግሞ አልቅት ነው ብለህ ጠርጥር፤ ጤና ጣቢያ ያወጡለታል። ትልቅ ሰው በአንድ ወገን እየተደፈነና እየደማ ለሳምንታት ከቆየ ዕጢም ሊኖር ስለሚችል የአንገት በላይ ሐኪም ሳያየው አይደር።

16. እነዚህን ምልክቶች ካየህ ነገ አትበል፦ የዓይንህ ዙሪያ ካበጠ ወይም ከቀላ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየህ ወይም እይታህ ከደበዘዘ፣ ከዚህ በፊት የማታውቀው ኃይለኛ ራስ ምታት ከትኩሳት ጋር ከመጣ፣ አንገትህ አልታጠፍ ካለ፣ ግንባርህ ላይ ለስላሳ እብጠት ከወጣ፣ ሰው መለየት አቅቶህ ከቀባጠርክ። የሳይነስ መግል ወደ ዓይንና ወደ አንጎል ሊሻገር ይችላል፤ አጥንቱ ስስ ነው። መንዝ ካለህ መሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ መርሐቤቴ ካለህ አለም ከተማ እናት ሆስፒታል ሂድ፤ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ቢልኩህ መኪና እስኪሞላ አትጠብቅ፣ ተኮናትረህ ሂድ። ዓይን በአንድ ሌሊት ይጠፋል።

17. ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ደብተርህንና የዋጥከውን ሁሉ ባዶ ፓኮ ይዘህ ሂድ። «ነጭ ክኒን ነበር» አትበለው። የነፋኸውን መድኃኒት እንዴት እንደምትነፋው ፊቱ ቆመህ አሳየው፣ ያርምህ። ሲመልስህም የሚቀጥለውን ቀጠሮ ጠይቀህ ተመለስ። ከውቂያው በፊት እንዲሆን ጥቅምት ላይ ብታደርገው ይሻልሃል።